25 ደቂቃ ላይ የሚሞት ከንፈር

«ጋሼ ሰላም ነው? ትራምፔት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ 45 ደቂቃ የሚፈጅ ኮንሰርት አለኝ። መጀመሪያ ከፒያኖ ጋር የሃይድን ኮንቼርቶ አንደኛው ክፍል፣ ከዛ ከባንድ ጋር ስድስት ዘፈን፣ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሃይ ሲ የምትባለው በጣም ከፍ ያለች ኖት አለች። ችግሬ 25 ደቂቃ አካባቢ ከንፈሬ ይሞታል። ድምፁ አየር አየር ይላል፣ ከዛ ጭራሽ እምቢ ይለኛል። እንዲጠነክር ብዬ በየማታው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ እለማመድ ነበር፣ አሁን ሶስት አድርጌዋለሁ፣ ግን የባሰበት ነው የሚመስለኝ፣ ጠዋት ስነሳ አብጦ ነው የማገኘው። የሚያስተምረኝ ሰው ሲደክምሽ ነው የሚጠነክረው ግፊበት ይለኛል፣ ጓደኛዬ ደሞ ማውዝፒስ ቀይሪ ይለኛል። የማንን ልስማ? ከንፈሯ የሞተባት።»

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ቀጥ ብሎ የሄደው «ሳላቋርጥ» ወደምትለዋ ቃል ነው፣ ሃይ ሲዋን ያየኋት በኋላ ነው። አራት ዓመት የነፋ ከንፈር ደካማ ነው ብትይኝ አላምንሽም። ያለሽን አቅም በየማታው አሟጠሽ ነው የምትተኚው፣ ጠዋት ያበጠው በቅጡ ሳይመለስ ማታ ትደርቢበታለሽ፣ በነጋታውም እንደዛው፣ ከዛ 25 ደቂቃ ብቻ ቆየሁ ብለሽ ትናደጂና አንድ ሰዓት ትጨምሪበታለሽ። እኔ እንደውም በዚህ ሁኔታ 25 ደቂቃ መድረስሽ ነው የገረመኝ።

እስቲ ምን እየሆነ እንዳለ እንየው። አፍሽ ዙሪያ ቀለበት ሰርቶ የሚዞር ጡንቻ አለ፣ ሐኪሞች ኦርቢኩላሪስ ኦሪስ ይሉታል፣ ስታፏጪ ከንፈርሽን የሚሰበስብልሽ እሱ ነው። ትራምፔት ስትነፊ እሱና የአፍ ጥግ ላይ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ከንፈሩን ቦታው ላይ ይይዙታል፣ ድምፁን የሚፈጥረው ግን መሀል ላይ ያለው ሥጋ መርገብገቡ ነው። መርገብገብ ስልሽ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፣ በቢ ፍላት ትራምፔት ያቺ የምትፈሪያት ሃይ ሲ ስትወጣ ከንፈርሽ በአንድ ሰከንድ 932 ጊዜ ነው ክፍት ዝግት የሚለው። ከስታፉ (ኖታ ከሚጻፍባቸው አምስት መስመሮች) በታች ያለችው ዝቅተኛዋ ሲ 233 ናት፣ አራት እጥፍ ልዩነት በይው። ያ ሥጋ እንደዛ እንዲሰራ ደም መግባት አለበት፣ ለስላሳ መሆን አለበት። አሁን ሲደክምሽ ምን እንደምታደርጊ ላንቺው ልንገርሽ፣ ጥጉ መያዝ ሲያቅተው በእጅሽ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን ብረት) ወደ ከንፈርሽ ትስቢዋለሽ። ሁላችንም እናደርገዋለን። ለሁለት ደቂቃ ይሰራል፣ ኖቱም ይወጣል፣ ግን ብረቱ ከንፈሩን ጥርስ ላይ አጣብቆ ደሙን ይዘጋዋል፣ ደም ሲያጣ ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ከንፈር አይርገበገብም፣ ስለማይርገበገብ የበለጠ ትስቢዋለሽ፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። አየር አየር የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት መስታወት ላይ የምታይው እብጠትም የማታው ጭነት ነው።

«ግፊበት» የሚለውን ነገር በተመለከተ፣ መምህርሽን ማስቀየም አልፈልግም፣ ሰውየው ሌላ ብዙ ነገር በደንብ አስተምሮሽ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ጡንቻ የሚገነባው ከደከመ በኋላ ባረፈበት ሰዓት ነው። ክብደት የሚያነሱ ልጆችን እዪያቸው፣ ዛሬ እግር ከሰሩ ነገ እግር አይነኩም፣ ለከንፈር ሲሆን ለምን ይሄን እንደምንረሳው አይገባኝም። ሌላም ነገር አለ፣ ሶስተኛዋ ሰዓት ላይ ደክሞሽ ስትነፊ ሃይድን እየተለማመድሽ አይደለም እኮ፣ መጫን እየተለማመድሽ ነው፣ አንገት ማጠንከር፣ ትከሻ ማንሳት፣ ከንፈር ማጥበቅ፣ በየማታው አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄን ከደጋገምሽ መድረክ ላይ ሲጨንቅሽ ሰውነትሽ የሚያውቀው እሱን ነው። ደሞ ትልልቆቹም አላመለጡም፣ ሉዊስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተጎድቶበት ትራምፔቱን ለወራት ለማስቀመጥ ተገዶ ነበር፣ በ1982 ደሞ አንድ ሐኪም ስለ ትራምፔት ነፊዎች የከንፈር ጡንቻ መቀደድ ሲጽፍ ጉዳቱን በሱ ቅጽል ስም ሳችሞ ሲንድሮም ብሎታል። አንቺ እዛ ደርሰሻል አላልኩም፣ አትደንግጪ። ግን እየነፋሽ ድንገት ወጋ ካደረገሽ፣ ወይ ጥቂት ቀን አርፈሽም ድንዛዜው ካልለቀቀሽ ወይ ከንፈርሽን መሰብሰብ ካቃተሽ፣ በቃ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ እዚህ መጻፍ አይጠቅምሽም።

ስለዚህ ነገና ከነገ ወዲያ አትነፊ። አዎ ኮንሰርት አምስት ሳምንት ቀርቶት። ሁለት ቀን ሳጥኑ ተዘግቶ ይደር፣ እብጠቱ ይውጣ፣ ምንም የሚጠፋብሽ ነገር የለም። እጅሽ አላርፍ ካለሽ ኖታውን ይዘሽ ቁጭ በዪና ሃይድኑን ዝፈኚው፣ በድምፅሽ፣ ቢያስጠላም ዝፈኚው፣ በጣትሽ ፒስተኖቹን እየተጫንሽ። ሰው ይሄን እንደ ሰነፍ ልምምድ ያየዋል፣ እኔ ግን አንድ ከባድ ቦታ አስር ጊዜ እየሳትሽ ከምትነፊው አምስቴ ዘፍነሽ ሁለቴ ብትነፊው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚያስተን ከንፈር ሳይሆን ቀጣዩ ኖት ምን እንደሚመስል ጆሯችን ቀድሞ አለማወቁ ነው፣ በየስህተቱ የሚከፍለው ግን ያው ምስኪኑ ከንፈር ነው።

ከሁለቱ ቀን በኋላ ያቺን የሶስት ሰዓት ማራቶን ቆራርጠን ሶስት ቦታ እናስቀምጣታለን። ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ከሰዓት 25፣ ማታ 25፣ በመሀላቸው ቢያንስ ሁለት ሶስት ሰዓት ክፍተት። ሥራ ወይ ትምህርት ካለሽ ሁለት ቦታም ይሆናል፣ ዋናው አንድ ላይ አለመከመሩ ነው። 70 ደቂቃ ብቻ? ልትይኝ ነው፣ አዎ ብቻ፣ እሱም ግማሹ ዕረፍት ነው። የነፋሽውን ያህል እረፊ የሚባል የቆየ የነፊዎች ደንብ አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ መቀመጥ ያስጨንቃል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፣ አንድ ፍሬዝ (አንድ የዜማ ሐረግ) እነፋለሁ፣ ትራምፔቱን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ (ከንፈር ላይ ተለጥፎ እንዲቆይ አልፈቅድለትም፣ ጭን ላይ)፣ ከዛ ያንኑ ፍሬዝ በሆዴ እየዘፈንኩ በጣቴ ብቻ እሄድበታለሁ፣ ሲያልቅ አንስቼ ድጋሚ እነፋለሁ። ሰዓት ማየት የለም ምን የለም፣ ዕረፍቱ ራሱ የፍሬዙን ያህል ይመጣል፣ እጅሽም ሥራ አልፈታ።

መቼ ነው የማቆመው ካልሽ፣ ሊደክምሽ ሲል ነው፣ ከደከመሽ በኋላማ አልፏል። እንዴት አውቃለሁ? የምታውቂባት አንዲት ነገር አለች፣ ይቺን እንደውም ከሁሉም በላይ ያዥልኝ። ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ሶል (ጂ) በጣም ቀስ ብለሽ ንፊያት፣ በምላስሽ ሳትመቺ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ አንድ ሰው አጠገብሽ ተኝቶ እንዳይነቃ እንደምትጠነቀቂ አድርገሽ። ትንፋሽሽ እንደወጣ ድምፁ አብሮ ከወጣ ገና አቅም አለሽ። መጀመሪያ ፍፍፍ ብሎ አየር ወጥቶ ድምፁ ዘግይቶ ከተከተለ በቃ፣ ዝጊው፣ ሃይ ሲ የምትወጣልሽ እንኳን ቢሆን ዝጊው። ምክንያቱም ጮክ ያለ ኖት በጉልበት ይደበቃል፣ ቀስ ያለ ኖት ግን አይዋሽም፣ ድካም መጀመሪያ የሚታየው እዛ ነው። መጀመሪያ አካባቢ 15 ደቂቃ ላይ ዝጊው ሊልሽ ይችላል፣ ተቀበይው።

ታዲያ አቅሙ የሚገነባው በምንድነው? በቀስታ። አንድ ቀን ጠንከር ያለ፣ አንድ ቀን ቀለል ያለ እያደረግሽ ትሄጃለሽ፣ ጠንከር ባለው ቀን ሎንግ ቶን ትሰሪያለሽ፣ መካከለኛው ሬንጅ (የኖት ከፍታ) ላይ፣ እስከምትችይው ድረስ ቀስ ብለሽ፣ አንድ ኖት አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ከዛ ማረፍ። የሚቃጠለው የአፍሽ ጥግ ከሆነ ጎሽ፣ ሥራው ቦታው ላይ ነው ማለት ነው፣ መሀሉ ከሆነ የሚቃጠለው እየተጫንሽ ነውና አቁሚ። ከዛ ፒስተን ሳትቀይሪ በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ ከኖት ወደ ኖት የሚኬድባቸው ስለሮች፣ እነሱንም በቀስታ። ቀለል ባለው ቀን ደሞ ዝቅተኛ ሬንጅ፣ ዜማ፣ ደስ የሚልሽን ነገር።

ስለ መጫን ካነሳን አይቀር ቀኝ እጅሽን እዪው እስቲ። ትንሿ ጣት የምትገባባት መንጠቆ አለች አይደል፣ አሁን ጣትሽ እዛ ውስጥ እንደተቆለፈች እርግጠኛ ነኝ። ያቺ መንጠቆ በአንድ እጅ ኖታ ስትገልጪ፣ ሙት (የድምፅ ማፈኛውን) ስታስገቢ መያዣ ናት፣ ጣትሽ ውስጧ ከሆነ ግን ሳታውቂው መሳቢያ ትሆናለች፣ ወደ ላይኛው ሬንጅ በወጣሽ ቁጥር ወደ አፍሽ ትስቢበታለሽ። ጣትሽን አውጪና ከላይዋ አሳርፊያት። መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሬንጅሽ የጠፋ ይመስልሻል፣ አልጠፋም፣ ድሮም የእጅሽ ነበር እንጂ የከንፈርሽ አልነበረም። ሌላ ደሞ፣ አስር ደቂቃ ከነፋሽ በኋላ መስታወት ላይ ከንፈርሽን እዪ፣ የማውዝፒሱ ቀለበት ምልክት ይኖራል፣ የሁሉም ሰው ይኖራል፣ ግን በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ጻፊው። ከሳምንት ሳምንት ሰዓቱ እያጠረ ከመጣ መንገዳችን ትክክል ነው።

ትንፋሽን በአጭሩ ልለፈው፣ ስለሱ ያልተባለ ነገር የለም። አንዲት ነገር ብቻ፣ ስበሽ ከሞላሽ በኋላ አትቆልፊው። ብዙ ሰው ስቦ፣ ሰከንድ ያህል ጉሮሮው ላይ ዘግቶ፣ ከዛ ነው የሚለቀው፣ ያቺ መቆለፍ ትከሻና አንገት ታጠነክራለች፣ ከዛ ከንፈሩ የትንፋሹን ሥራ ደርቦ ይሰራል። ሲገባ ሲወጣ አንድ ክብ ይሁን።

ማውዝፒስ። ጓደኛሽን ውደጂው ግን አትስሚው፣ ቢያንስ እስከ ኮንሰርቱ። ስሙን አልጻፍሽልኝም ግን ብዙ ጊዜ ጀማሪ የሚነፋው ባች ሰቨን ሲን ወይ እሱን የሚመስል ነገር ነው፣ ሰው ደሞ ወደ ስሪ ሲ ልሂድ አልሂድ ብሎ ዓመት ሙሉ ይከራከራል፣ ፋብሪካው ራሱ በሚሰጠው ልክ የሰቨን ሲ ውስጣዊ ስፋት 16.20 ሚሊሜትር ነው፣ የስሪ ሲ ደሞ 16.30። አንድ አስረኛ ሚሊሜትር! ከንፈር ይሄን ይሰማዋል፣ አይሰማውም አልልም፣ ግን ለመላመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ጎድጓዳነቱ ያነሰ ማውዝፒስ ላይኛውን ሬንጅ ትንሽ ያቀልልሽ ይሆናል፣ ያበጠ ከንፈር ይዘሽ ከገባሽበት ግን ሥጋው ማውዝፒሱ ውስጥ ቦታ ያጣና ጭራሽ ይዘጋብሻል። ከኮንሰርቱ በኋላ አርፈሽ ሞክሪ።

አሁን ወደ ሳምንቶቹ። የመጀመሪያው ሳምንት ከላይ ያልኩሽ ነው፣ ዕረፍትና አጫጭር ልምምድ፣ ሃይድኑን ከዳር እስከ ዳር አትነፊው፣ አራት አራት ባር፣ ስምንት ስምንት ባር። ከላይ ያለውን ሁሉ ስምንት ኖት (አንድ ኦክታቭ) ዝቅ አድርገሽ ስሪው፣ ጣቱና ሪትሙ ሲገባ ብቻ ወደ ቦታው አምጪው። ሁለተኛው ሳምንትም ያው ነው፣ ትንሽ ረዘም ያለ። ሶስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግማሹን ፕሮግራም በአንድ ትንፋሽ፣ ማለቴ ሃይድኑንና ሁለት ሶስቱን ዘፈን ሳታቋርጪ፣ ቆመሽ፣ ምክንያቱም ኮንሰርቱ በቁም ከሆነና ልምምዱ ወንበር ላይ ከሆነ ሌላ ሰውነት ነው እያሰለጠንሽ ያለሽው። አራተኛው ሳምንት ላይ ሙሉውን 45 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በመሀሉ ቢያንስ ሶስት ቀን ይኑር፣ ኮንሰርቱ በሚጀምርበት ሰዓት፣ በስልክሽ እየቀዳሽ። ከሙሉው ማግስት ያለው ቀን የዕረፍት ወይ በጣም የቀለለ ቀን ነው፣ እዚህ ላይ አትደራደሪኝ። ቅጂውን ስትሰሚ ደሞ የሳትሽውን ኖት አትቁጠሪ፣ ድምፅሽ መወጣጠር የጀመረባትን ደቂቃ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ የሚያደክምሽ ቦታ ከሞትሽበት ቦታ አምስት ስድስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው ያለው፣ አንድ ሳያስፈልግ ጮክ ብለሽ የነፋሽው ነገር ይኖራል እዛ።

የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ሰው ሁሉ ያብዳል፣ አንቺም ታብጃለሽ። ከኮንሰርቱ አራት አምስት ቀን በፊት የመጨረሻውን ሙሉ ጨርሺ፣ ከዛ በኋላ እየቀነስሽ ነው የምትሄጂው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው 30 ደቂቃ፣ ዋዜማው ላይ 15፣ እሱም ዝቅ ያለ ሬንጅ፣ ቀስ ያለ። ሃይ ሲዋ አለች ወይ ብለሽ ዋዜማ ላይ ብድግ ብለሽ እንዳትሞክሪያት። ብትወጣ ነገ ለመውጣቷ ዋስትና አይሆንሽም፣ ካልወጣች ደሞ ሌሊቱን አትተኚም። የባንዱ የመጨረሻ ሪሃርሳል እዚህ ሳምንት ውስጥ ከወደቀ (ሁሌም ይወድቃል) መሪውን ቀድመሽ ንገሪው፣ ዛሬ ላይኞቹን ስምንት ኖት ዝቅ አድርጌ ነው የምሄደው በዪው። ቀድመሽ ካልነገርሽው ያቃተሽ ይመስለዋል፣ ከነገርሽው ልምድ ያላት ይልሻል፣ የሚገርመው ነፋሱ አንድ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ እኔ ብሆን የምነካቸው ሁለት ሶስት ነገሮች አሉ። ሃይድኑ መጀመሪያ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ትኩስ ከንፈር ይፈልጋል። ግን ከፒያኒስቱ ጋር በደንብ ተነጋገሪ፣ ከፒያኖ ጋር ሲሆን ሰዓት ለመቆጠብ ብለው የኦርኬስትራውን ክፍሎች፣ ረጅሙን መግቢያና መሀል ላይ ያሉትን፣ ይቆርጧቸዋል። አታስቆርጪ! ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1796 ያን ሲጽፍ ለነፊው ማረፊያ ሰጥቶት ነው፣ መግቢያውን ከቆረጥሽው ገና ከቆምሽበት ትጀምሪያለሽ፣ መሀሉን ከቆረጥሽው ሁለት ከባድ ገጽ ያለ ዕረፍት ይጋጠሙብሻል። ይጫወት፣ አንቺ ትራምፔትሽን አውርደሽ ቁሚ፣ ሰው አይሰለችም። ሲያልቅ ደሞ ወዲያው ወደ ባንዱ አትሂጂ፣ ሁለት ደቂቃ አውሪ፣ ባንዱን አስተዋውቂ፣ ወይ ፒያኒስቱ ብቻውን የሆነ ነገር ይጫወት።

ከባንዱ ስድስት ዘፈን ውስጥ ሃይ ሲ ያለባትን ከመጨረሻ አንሺያትና ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ላይ አድርጊያት፣ መጨረሻ ላይ ድራምና ቤዝ የሚሸከመው ዘፈን ይሁን፣ ሰው እየጨፈረ ሲወጣ ማን ሃይ ሲ እንደጎደለ ያውቃል። መሪው ሞቼ እገኛለሁ ካለ እሺ በዪው፣ ግን ስምንት ኖት ዝቅ ያለች መውጫ ተለማምደሽ በኪስሽ ያዥ፣ የዛን ቀን ሶልሽ በፍፍፍ ከወጣች ያለ ሐፍረት ዝቅ ብለሽ ጨርሺ። ከዘፋኙ ጀርባ የሚያዙ ረጃጅም ኖቶች ካሉሽ ግማሹን ለሳክስ ወይ ለኪቦርድ ስጫቸው፣ አቅም የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ትራምፔቱ ቢጎድል ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ሙሉ ዘፈን ላይ ጭራሽ ባትነፊም ነውር የለውም፣ ሻከር ያዢና ቁሚ።

እኔ ራሴ በኮንሰርት ቀን የሰራሁትን ጥፋት ልንገርሽና ልጨርስ። ወጣት ሆኜ ባንድ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ላይ ሳውንድ ማኑ ትራምፔት እስቲ ትንሽ ንፋልኝ አለኝ። ትንሽ ነው ያለው። እኔ አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩኝ ጊዜ ሶሎዬን ሙሉውን ለቀቅኩት፣ ከነላይኛው ምናምኑ፣ ሳውንድ ማኑ አንድ ጊዜ ድገመው ሲለኝ ደገምኩት፣ ሶስተኛውን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የነፋሁት። ከዛ ሾው እስኪጀምር ከመድረክ ጀርባ ጨንቆኝ ዋርም አፕ እያልኩ አንድ ሰዓት። አራተኛው ዘፈን ላይ ከንፈሬ ካርቶን ሆነ፣ አለ ግን የኔ አይደለም። ሶሎዬ ሲደርስ አነሳሁና ነፋሁ፣ ማይኩ ውስጥ የገባው ነፋስ ብቻ ነው፣ በትልቅ ስፒከር ፍፍፍፍ። አጠገቤ የነበረው ሳክስ ነፊ በዓይኑ አየኝና ሳይጠይቀኝ ሶሎውን ወሰደው፣ ሰው ያጨበጨበው እንደዛ የተዘጋጀ መስሎት ነው፣ እኔ ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ ያ ነፋስ።

ስለዚህ የዛን ቀን ጠዋት አስር ደቂቃ ቀስ ብለሽ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ አንድ ጮክ ያለ ፍሬዝ አንድ ቀስ ያለ ፍሬዝ፣ በቃ፣ አመሰግናለሁ። እዛው ሆነሽ ግን ሞኒተር (ድምፅሽን ወዳንቺ የሚመልሰው ስፒከር) ላይ ራስሽን በደንብ እንድትሰሚ ጠይቂ፣ አፍረሽ አትተዪው፣ ራሱን የማይሰማ ነፊ ሳያውቀው ጮክ ይላል፣ ጮክታው ደሞ ከከንፈርሽ ሂሳብ ላይ ነው የሚቆረጠው። ከመግባትሽ በፊት አምስት ደቂቃ ዝቅተኛ ሬንጅ ላይ ብቻ። መድረክ ላይ ሁለት ባርም ዕረፍት ብትሆን ማውዝፒሱን ከከንፈርሽ አንሺው፣ ብዙ ሰው ስምንት ባር ሙሉ ለጥፎት ይቆማል፣ ያ እኮ ዕረፍት አይደለም። በዘፈን መሀል ዞር በዪና ከንፈርሽን እንደ ፈረስ ብርርር አድርጊው፣ ደሙ ይመለሳል፣ ውሃ ጎንጨት በዪ።

ሲያልቅ ሰው መጥቶ ያቅፍሻል ፎቶ ይላል፣ ቢሆንም ሳጥኑን ከመዝጋትሽ በፊት ሁለት ደቂቃ ጥግ ይዘሽ ዝቅተኛ ኖቶችን በጣም ቀስ አድርገሽ ንፊ፣ ትራምፔቱን ሳትጫኚ። በነጋታው ጠዋት ከንፈርሽ ምን እንደመሰለ ጻፊልኝ፣ ካበጠ ደሞ ሁለት ቀን ሳጥኑን አትክፈቺው፣ ማውዝፒሱን ብቻ አውጥተሽ እጠቢው።